ስንት በር አላችሁ?

ጋሽ ቆጣሪ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከቤት ቤት እየዞረ የውኃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ሰፈሩ የሸለመው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስሙን ከሁሉም መጨረሻ የሰማው እሱ ራሱ ሆነ። ሲሰማም አልከፋውም።

"ከዚህ የባሰም ሊያወጡልኝ ይችሉ ነበር" አላት ለሚስቱ።

"አውጥተውልሃል፤ እሱን ገና አልሰማህም" አለችው።

ሥራውን የወደደው ለቁጥሩ ብሎ አልነበረም። ቁጥሩንማ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነበዋል። እሱን የሚያስደስተው ቆጣሪው የተተከለበት ቦታ ነበር። የውኃ ቆጣሪ እንደ ደወል በር ላይ አይሰቀልም፤ ወይ ከኩሽናው ጀርባ ነው፣ ወይ ከደረጃ ሥር፣ ወይ ደግሞ እንግዳ በማይደርስበት የግቢ ጥግ፣ ከተሰበረ ወንበርና ከባዶ ጀሪካን መሀል። እዚያ ለመድረስ የሰውን ግቢ ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ግድ ነው። እሱም ያቋርጣል፤ እያቋረጠም ያያል። ገመዱ ላይ የተሰጣው የሕፃን ልብስ ከየት መጣ? ይቺ ክፍል ባለፈው ወር ነበረች እንዴ? ሁለቱ ወንድማማቾች መሀላቸው አጥር ያቆሙት በምን ተጣልተው ይሆን? ይጠይቃል፣ ግን በልቡ ነው። ያየውን ለማንም አይተነፍስም። ሚስቱ ወሬ ልታወጣጣው ስንት ጊዜ ሞክራ፣ "አንተን ከማናገር ግድግዳውን ማናገር ይሻላል" ብላ ትታዋለች።

የሚኖርበት መንደር ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ነው። መንገዱ ጠባብ ከመሆኑ የተነሣ ጥላ የያዙ ሁለት ሰዎች ሲተላለፉ አንዱ ጥላውን ማዘንበል አለበት። ማን ማዘንበል እንዳለበት የተጻፈ ሕግ ባይኖርም ሁሉም ያውቀዋል፤ ዕቃ ያልያዘው ነው። በግራና በቀኝ ረጃጅም የግንብ አጥር አለ፤ በአጥሩ መሀል መሀል ሃያ ሦስት የውጭ በሮች። አንዱ በር ካንዱ አይመሳሰልም፤ እያንዳንዱ ባለቤት ከሌላ ሥራ የተረፈውን ቀለም ነውና የቀባው፣ ግማሹ ሰማያዊ ግማሹ ቡኒ የሆነም አለ።

አንድ ቀን ጠዋት መንገዱ መግቢያ ላይ ባለው የመብራት ምሰሶ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። የሃያ ሦስቱ ግቢ መሬት አንድ ላይ ተደርጎ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ሊሠራበት ታስቧል፤ ስልሳ መኖሪያ ቤቶች ይኖሩታል፤ አስተያየት ያለው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይምጣ ይላል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከከተማው የፕላን ጽሕፈት ቤት የመጣችው ባለሙያ ገና ወጣት ናት፤ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ጠረጴዛው ላይ የምትፈልግ ዓይነት። ሥዕሉን ግድግዳው ላይ እንደዘረጋች ሰው ሁሉ ባንዴ ጮኸ። በመጨረሻ የሁሉንም ድምፅ የዋጠው የልብስ አጣቢዋ ድምፅ ነበር። እሷን እትዬ ገመዴ ይሏታል፤ ግቢዋ ውስጥ ከመሬቱ ይልቅ የልብስ ማስጫ ገመዱ ይበዛል።

"የኔ እመቤት፣ እኔ የሆቴል አንሶላ ነው የማጥበው። ሰባተኛ ፎቅ ላይ የት ላስጣው? ነፋስ ቢወስደውስ? ከታች የሰው ራስ ላይ የወደቀ የውስጥ ሱሪ 'የኔ ነው' ብዬ ልለቅም ነው?"

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሳይበርድ ልብስ ሰፊው ጉልበቱን እያሸ ተነሣ።

"እኔ ደግሞ ሊፍት ያለው ቤት እፈልጋለሁ" አለ። "ተከራይ ነኝ፤ የምኖረው ቆጥ ላይ ነው። እናንተ 'መንገዳችን፣ መንገዳችን' ትላላችሁ። የኔ መንገድ አሥራ አንድ የእንጨት ደረጃ ነው፤ በየቀኑ እየተሳደብኩ ነው የምወጣው።"

"ማንን ነው የምትሰድበው?" አለ አንዱ።

"ባለቤቱን" አለና ከጎኑ የተቀመጠውን አከራዩን አየት አድርጎ ቁጭ አለ።

ባለሙያዋ መነጽሯን ስታገኘው አጠለቀችው። "ጥያቄዬ ይሄ ነው" አለች። "ከተማው ሰው በዝቶበታል። እናንተ ጋ ስልሳ ቤት ሊይዝ የሚችል መሬት ላይ ሃያ ሦስት ቤት ነው ያለው። ለቀሩት ሰዎች የት ይሂዱ እንበላቸው?"

"ስልሳውን እዚሁ ብናመጣስ?" ያለው ማን እንደሆነ እንኳ አልታወቀም፤ ከኋላ ነው።

ትንሽ አሰበች። "ከአንድ ፎቅ በላይ ሳትወጡ፣ በዚሁ መሬት ላይ ስልሳ ቤት ካሳያችሁኝ፣ ሕንፃው ወደ ድሮው የአውቶቡስ ጋራዥ እንዲዛወር ለቦርዱ አቀርባለሁ። ያ ቦታ ባዶ ነው። አርባ አምስት ቀን አላችሁ።"

ጋሽ ቆጣሪ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሃያ ሦስት የሚለው ቁጥር የማን እንደሆነ ያውቃል። የራሱ ነው። አንድ የውጭ በር፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ቤት ብሎ በገዛ እጁ ሲጽፈው የኖረው ነው። ከየአጥሩ ጀርባ ያየውን ግን አንድም ቀን አልጻፈውም፤ ማንም አልጠየቀውም። አሁን ዝም ቢል ገና እሱ ሳይሞት ቤቱ ሊፈርስ ነው። ቢናገር ደግሞ ያለ ፈቃድ የተሠራውን ክፍል፣ የተደበቀውን ተከራይ ሁሉ አደባባይ ማውጣቱ ነው።

ቤት ሲገባ ልጁን አገኛት። ነርስ ናት፤ ክሊኒኩ እዚሁ ቅርብ ነው፤ የምታድረው ግን በሁለት አውቶቡስ በሚኬድ ሰፈር፣ መስኮቱ የሰው ግድግዳ ላይ በሚያፈጥ አንድ ክፍል ውስጥ ነው።

"አባዬ፣ ለሕንፃው ስሜን አስመዝግቤያለሁ" አለችው ገና ሳይቀመጥ።

"የትኛው ሕንፃ?"

"እዚህ የሚሠራው።"

"እኛ አናት ላይ?"

"አናታችሁ ላይ አይደለም፣ ለእናንተም ይሰጣችኋል። አንተ ግቢ አለህ፤ እኔ ምን አለኝ? ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አሁንም ሻንጣዬን አልጋ ሥር ነው የማስቀምጠው።"

"ከኛ ጋር እዚህ እንዳትኖሪ ማን ከለከለሽ?" አለች እናትየው።

"አንቺ ነሻ፣ እማዬ! ማን እንደሸኘኝ፣ ስንት ሰዓት እንደገባሁ፣ በፌስታል ምን እንደያዝኩ በመስኮት እያየሽ!"

"እኔ? መች አየሁና?" አለች እናት ተቆጥታ። ቀጥላም ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ያ ረጅሙ ግን ጨዋ ልጅ ይመስላል" አለች።

ጋሽ ቆጣሪ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። የወጣው ቃል ግን ሌላ ሆነ። "ለመሆኑ እዚያ ላይ መኖር እንዴት ነው?" አላት።

እንዲህ ዓይነት ሰው ነው። ቤቱን የሚያፈርስበትን ነገር እንኳ ከማፍረሱ በፊት ገብቶ ሊያየው ይፈልጋል።

በማግሥቱ ልጁ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር የሥራ ባልደረባዋ ጋ ወሰደችው። ሊፍቱን ወደደው። ብርሃኑንም ወደደው፤ ፀሐይ ያላንዳች ከልካይ ሳሎኑ ወለል ላይ ተንጋላለች። ከሻይ በፊት ተነሥቶ የኩሽናውን ቧንቧ ከፈተና ግፊቱን አየ። ልጁ በኃፍረት አንገቷን ደፋች። ሲወርዱ "ቆጣሪዎቹ የት ናቸው?" ብሎ ጠየቀ። ምድር ቤት፣ በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ስልሳ ቆጣሪ እንደ ወታደር ተሰልፎ ቆሟል።

"እኔ አንድ ሳምንት የሚፈጅብኝን ይሄ ሩብ ሰዓት አይፈጅም" አለ እየተደነቀ። ከዚያ ጣቱን በፍጥነት በሚሽከረከረው ላይ አሳርፎ፣ "ይሄ የማን ነው?" አለ።

"አላውቅም" አለች ባለቤቲቱ።

"ከጎንሽ ያለው ጎረቤትስ?"

"ሴት ናት። አይቻት ግን አላውቅም፤ ጫማዋን ነው የማውቀው። በር ላይ ነው የምታወልቀው። ቀይ አላት፣ ጥቁር አላት። ጥሩ ሰው ሳትሆን አትቀርም፣ ሶሉን ሳይቀር ትጠርገዋለች።"

መልሷ ገረመው። እሱም ሰውን በዕቃው ሲያነብ የኖረ ነውና እንደ ዘመድ አያት።

አውቶቡስ ውስጥ ልጁ አላስችል አላት። "እሺ፣ እንዴት ነው?"

"ብርሃኑ ጥሩ ነው።"

"እና?"

"ውኃውም ደህና ግፊት አለው።"

"አባዬ!"

"ቆይ እንጂ፣ እያሰብኩ ነው።"

ያሰበው ይሄን ነው፤ ስልሳ ቤት ማለት ምን ያህል ነው? በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲያየው ብዙ አልመሰለውም። እነሱ መንገድ ላይ ስንት ሊኖር ይችላል? አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ገዝቶ መቁጠር ጀመረ። መጀመሪያ የቆጠረው ግን በለመደው መንገድ ነበር፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ። አንድ ሰው በወር ከሦስት ሜትር ኩብ ውኃ አይበልጥም፤ የየግቢውን ንባብ ደግሞ በቃሉ ያውቀዋል። ማካፈል ነው።

በዚህ ስሌት የጡረተኛው የሒሳብ መምህር ግቢ ውስጥ አሥር ሰው ተገኘ። መምህሩ ብቻቸውን እንደሚኖሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጋሽ ቆጣሪ ሄዶ በሩን አንኳኳ።

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከጀርባ ሁለት ቤተሰብ ሳይደብቁ አልቀሩም።"

መምህሩ ትንሽ አዩት። "ግባ" አሉት። "ፈልጋቸው። ካገኘሃቸው ሰላም በልልኝ፤ እኔን ዘግተውኛል።"

አምስት ክፍል ዞረ። መጽሐፍ፣ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ አንድ አልጋ፣ አሁንም መጽሐፍ። ግራ ገብቶት ቆጣሪው ጋ ሄደ። ቧንቧውን ሁሉ ዘጉና ሁለቱም ጎንበስ ብለው አፈጠጡበት። ትንሿ ቀይ መርፌ ቀስ እያለች ትዞራለች። ውኃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። የቧንቧውን መስመር ተከትለው፣ መሬቱን በእግራቸው እየረገጡ ሲሄዱ፣ ከእትዬ ገመዴ ጋር የሚያዋስነው አጥር ጋ ደረሱ። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ሲያሰግጉ በበጋ ፍሬ የማያጣ የሎሚ ዛፍ ፊት ለፊታቸው ቆሟል።

"እኔ እኮ እጄ ለተክል የተባረከ ነው እያልኩ ስኮራ ነው የኖርኩት!" አለች እትዬ ገመዴ ነገሩን ስትሰማ።

"አሥር ሰው ነው የበላሽብኝ" አሏት መምህሩ።

ተቃራኒውም ገጠመው። የመጨረሻው ግቢ በወር ሁለት ሜትር ኩብ ብቻ ነበር የሚያነበው፤ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖሩበታል ብሎ ጽፎት ነበር። ሲገባ አሮጊቷ ከኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለአምስት ዳቦ ጋጋሪዎች አከራይተዋል። ሰዎቹ የሚታጠቡት መጋገሪያ ቤታቸው ነው፤ የሚበሉትም እዚያው ነው፤ ቤቱ ለእነሱ አልጋ ብቻ ነው።

ጋሽ ቆጣሪ ደብተሩን ገልብጦ ከአዲስ ገጽ ጀመረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ያወቀ መስሎት ነበር፤ ያወቀው ግን ውኃ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው በር ተነሥቶ እያንኳኳ ይጠይቅ ገባ። ስማችሁን አልጽፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው የምፈልገው ይላቸዋል። አንዳንዱ በሩ ላይ መለሰው፤ አንዳንዱ ተቀመጥ አለው። ከደረጃ ሥር የሚያድሩ ባልና ሚስት አገኘ። ከአባቱ ሳሎን ጀርባ ግድግዳ አቁሞ ሦስት ልጅ የወለደ ወንድ ልጅ አገኘ። የመኪና ማቆሚያ የነበረ ክፍል ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት የኖሩ ሁለት እህትማማቾች አገኘ፤ መጋረጃቸው ከብዙ ቤት መጋረጃ ይበልጥ ያምራል። ሲደምረው አርባ ሰባት ቤተሰብ ሆነ። እንደገና ደመረው፤ አሁንም አርባ ሰባት ነው።

ደስታው ፕላን ጽሕፈት ቤቱ ድረስ በእግር ወሰደው። ባለሙያዋ ደብተሩን አየችና ቀና አለች።

"እውነት አርባ ሰባት አሉ? የት የት ነው የሚኖሩት?"

"ቁጥሩን ነው ያመጣሁት፣ የኔ ልጅ። ቦታውን እነሱ ይንገሩሽ።"

"በራቸውስ የት ነው?"

"በራቸው? በየግቢው ውስጥ ነዋ።"

ደብተሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። "ጋሼ፣ እኛ ቤት የምንለው የራሱ በር ወደ መንገድ ያለውን፣ የራሱ ቆጣሪ ያለውን ነው። በሌላ ሰው ግቢ አልፎ የሚገባ ሰው እኛ ጋ እንግዳ ነው።"

"አሥራ ስምንት ዓመት የኖረ እንግዳ?"

"ደንቡ ዓመት አይጠይቅም፤ በር ነው የሚጠይቀው። ስንት በር አላችሁ?"

"ሃያ ሦስት" አለ።

ሊወጣ ሲል ጠራችው። "ግንቡ የእናንተ ነው አይደል? በራሳችሁ ግንብ ላይ በር ማውጣት ክልክል አይደለም። በየክፍተቱ ትንንሽ ቤት ጨምራችሁ፣ ለሁሉም ወደ መንገዱ በር ከሰጣችሁ፣ እቆጥረዋለሁ። ፈቃዱንም ለሁሉም ባንድ ላይ አስጨርሳለሁ።"

ወደ ቤቱ ሲመለስ የመንገዱን ግንብ እንደ አዲስ አየው። ሰፈሩ የሚወደውን መንገድ ከመፍረስ ለማዳን ግንቡን መብሳት አለበት። ሃያ ሦስት በር የነበረው መንገድ ስልሳ በር ሲኖረው ያው መንገድ ነው ወይስ ሌላ? መልሱን ማወቅ ፈለገ።

መጀመሪያ የሄደው እትዬ ገመዴ ጋ ነው። ጓሮዋ ውስጥ ሁለት ቤተሰብ አለ፤ ለእነሱ በግንቧ ላይ በር እንዲወጣ ደብተሩ ላይ እንድትፈርም ጠየቃት። አንሶላ እየጨመቀች እስኪጨርስ ሰማችው።

"ጨረስክ?" አለችው። "አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ግንብህ ከጥግ እስከ ጥግ አሥራ ስድስት እርምጃ ነው። ከጀርባው ምን አለ?"

"ምንም የለም። ዕቃ ነው።"

"የምን ዕቃ?"

ጋሽ ቆጣሪ መሬት የወደቀ የልብስ መቆንጠጫ አንሥቶ ገመዱ ላይ ሰካ።

"አየህ! አንተ የሁላችንን ጓዳ ስታይ ኖርክ። ያንተን ጓሮ ያየ ማን አለ? ልጅህ በሁለት አውቶቡስ እየተንከራተተች፣ አንተ ለሰው በር ታስቆጥራለህ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት አንተ ነህ። መጀመሪያ ያንተን በር አሳየኝና እኔ ደግሞ እፈርማለሁ።"

እሷ ብቻ ብትሆን ጥሩ ነበር። ወሬው ከእሱ እግር ቀድሞ ሄዶ ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ ያንኳኳው በር ሁሉ "አንተስ?" ይለው ጀመር። ከአርባ አምስቱ ቀን ሃያ አንዱ አልፏል፤ የፈረመ አንድም ሰው የለም።

ከግንቡ ጀርባ ያለው ዕቃ የተጣሉ ቆጣሪዎች ነበር። ተበላሽተው የተነሡ፣ መሥሪያ ቤቱ የማይፈልጋቸው፣ ሁለት መቶ ይሆናሉ። እየፈታ ውስጣቸውን ማየት ይወዳል፤ ጥርስ ያላቸውን ትንንሽ መዘውሮች በጣሳ በጣሳ ይለያቸዋል። ሚስቱ ቦታውን የውኃ መቃብር ትለዋለች። አራት ሜትር በዘጠኝ ነው፤ ለአንዲት ሴት ቤት ይበቃል። ይሄን ሚስቱ ስትነግረው ዓመታት አልፈዋል። እሱ ሁልጊዜ "እናስብበታለን" ይላል። እውነቱ ግን አፍሮ ነው፤ ሰው ገብቶ "ለዚህ ነው እንዴ?" እንዳይለው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጁን ስልክ ደወለላት። "በሩ ወደ መንገዱ ቢሆንስ?" አላት።

"የምን በር?"

"በኛ ግቢ የማታልፊበት። እናትሽ ከመስኮቷ የማታየው። ለክቼዋለሁ፤ አይታያትም።"

"እማዬ ስትለካ አይታሃለች?" አለች ልጁ።

"አይታኛለች። ስቃለች።"

ግንበኛው ቅዳሜ ጠዋት መዶሻና መሮውን ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲወድቅ እንዲህ የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተ፤ የሰው ፊት የሚያስገባ። ሁለተኛውን ሳያወርድ ሰፈሩ መንገዱ ላይ ተሰበሰበ። እትዬ ገመዴ ሳሙና እጇ ላይ እንዳለ ቀድማ አንገቷን አስገባች።

"ወይ ጉዴ!" አለች። "ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰዓት?"

"ሰዓት አይደለም፣ ቆጣሪ ነው" አለ ጋሽ ቆጣሪ ፊቱ ቀልቶ።

"ቆጣሪ? ለምንህ ነው?"

"ውስጡ... ውስጡ እንዴት እንደሚዞር ደስ ይለኛል።"

ማንም አልሳቀም። ከመሳቅ ይልቅ ተሰለፉ። እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ አንገቱን አስገብቶ አየ። መምህሩ መነጽራቸውን ጠርገው ሁለት ጊዜ አዩ፣ አንዱንም መዘውር ለምነው ወሰዱ። ልብስ ሰፊው ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "እኔ ደግሞ ሁለተኛ ሚስት ደብቋል ሲሉ ሰምቼ ነበር" አለ። ጋሽ ቆጣሪ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ ወደ ሰማይ አየች። ያ ያልሰማው ሌላው ስሙ ምን እንደነበር የዚያን ቀን ገባው።

እትዬ ገመዴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ደብተሩን ተቀበለችው። "ለኔ ሁለት በር ጻፍ" አለች። "አንዱን ግን ከገመዱ ራቅ አድርገው።"

ከዚያ በኋላ ግንበኛው የመንገዱ ሰው ሆነ። በር በሚወጣበት ቦታ ሁሉ ግንቡ ላይ በኖራ መስመር ተሰመረ። ክርክሩ መዓት ነበር። የወንድማማቾቹ አጥር የትኛው በር ወደ ማን እንደሚያይ ሦስት ቀን አከራከረ። ፊት ለፊት ያለው በር ከኔ በር ጋር እንዳይገጥም ያለም ነበር፤ ጠዋት ስከፍት የዚያን ሰውዬ ፊት ማየት አልፈልግም ብሎ። መምህሩ ከአምስቱ ክፍል ሁለቱን ለቀቁ፤ መጽሐፎቹ ግን ግድግዳ ይዘው ስለኖሩ ሲነሡ ቤቱ የተራቆተ መሰላቸውና አንድ ሳምንት ከፋቸው። የልብስ ሰፊው አከራይ ግን አሻፈረኝ አለ፤ ልብስ ሰፊውም አልለመነውም። "እኔ ፎቁን ነው የምጠብቀው" ይላል። "የፈለገው ቦታ ይሠሩት፣ ሊፍት ይኑረው እንጂ።"

ባለሙያዋ በአርባ አምስተኛው ቀን መጣች። ጋሽ ቆጣሪ ከኋላዋ፣ ሰፈሩ ከጋሽ ቆጣሪ ኋላ እየተከተሉ፣ ያለውን በርና በኖራ የተሰመረውን በር እየነካች ቆጠረች። መንገዱ መጨረሻ ላይ ደርሳ ቆመች።

"ሃምሳ ስድስት" አለች።

ጋሽ ቆጣሪ ያውቀዋል፤ እሱም ሃምሳ ስድስት ነበር ያገኘው። እሷ ስትቆጥር ይበዛል ብሎ ግን ሌሊቱን ሲመኝ አድሮ ነበር።

"እኔ ስልሳ ነበር ያልኩት" አለች።

"ውሸት ብናሰምር ኖሮ ስልሳ ይሞላ ነበር" አላት። "አራት መስመር ነው፤ ኖራም ተርፎናል። ግን ከጀርባው ሰው የለም።"

ባለሙያዋ መነጽሯን ፈለገች፤ ዓይኗ ላይ ነበር። "እንዳለ አቀርበዋለሁ" ብላ ሄደች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መንገዱ ላይ ሰው ዝግ ብሎ ነው የተነጋገረው። ደብዳቤው ሲመጣ መምህሩ ጮክ ብለው አነበቡት። ባለ ሰባት ፎቁ ወደ ጋራዡ ቦታ ይሄዳል። መንገዱ ባለበት ይቆያል፤ ሃምሳ ስድስቱ በር የቤት ቁጥር ይሰጠዋል። ለጎደለው አራት ግን፣ መግቢያው ላይ ያለው ሰፊው ግቢ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት እንዲሠራበት ታዟል። የዚያ ግቢ ባለቤት ለመሸጥ ተስማምቷል።

"ሦስት ፎቅ ፀሐዬን ይጋርደኛል!" አለች እትዬ ገመዴ።

"ሦስት ከሰባት ይሻላል" አሉ መምህሩ።

"ለእርስዎ ይሻላል! እርስዎ የሚያሰጡት የለዎት!"

እስካሁንም በዚህ ይጣላሉ። ልብስ ሰፊው ለጋራዡ ሕንፃ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ ሆነ፤ አራተኛ ፎቅ እንደሚደርሰው ተስፋ አድርጎ ከወዲሁ ለመስኮቱ መጋረጃ ሰፍቷል።

የልጁ ቤት ሥራ ሲያልቅ አንድ ክፍል፣ አንዲት ኩሽና፣ ከላይ ደግሞ የምታነብባት ጠባብ ቆጥ ሆነ። በሩን አረንጓዴ ቀባችው፤ የተረፈ ቀለም አይደለም፣ ሄዳ የገዛችው ነው። ዕቃዋን ባስገባችበት ቀን ሁለት ቁልፍ አውጥታ አንዱን አንገቷ ላይ አሠረች፤ ሁለተኛውን ወስዳ ለእትዬ ገመዴ ሰጠቻት።

"ለኔስ?" አላት አባቷ።

"አንተማ ታንኳኳለህ፣ አባዬ።"

ተከፋ፤ ለትንሽ ጊዜ። ከሰዓት በኋላ ግን አላስቻለውም። ቆጡ ላይ ምን እንዳስቀመጠች፣ መስኮቱ ጠዋት ብርሃን ያስገባ እንደሆነ፣ በዚያ በኩል መንገዱ ምን እንደሚመስል ማየት አማረው። በራሱ በር ወጥቶ፣ በራሱ ግንብ ሥር ተራምዶ፣ አረንጓዴው በር ፊት ቆመ። ሸሚዙን አስተካከለ። ምን ብሎ እንደሚገባ ግን አላሰበበትም ነበር። አንኳኳ።

"ማነው?" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

አባትሽ ነኝ ሊል ነበር። መንገዱን ግራና ቀኝ አየ፤ አዳዲሶቹን በሮች፣ ግማሾቹ ገና ቀለም ያልነካቸውን።

"ጎረቤት ነኝ" አለ።

መቀርቀሪያው ተንሸራተተ።

"ጎረቤት ከሆንክ ጫማህን አውልቀህ ግባ" አለችው፤ "ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት።"